በሜልቦርን ለቤት ሶላርና ባትሪ የሚሰጠው የመንግሥት ቅናሽ፦ ትልቁን ባትሪ መግዛት ያዋጣል?

የታርኔት ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። የምንኖረው በሜልቦርን ምዕራባዊ ክፍል፣ በባንክ ብድር በገዛነው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ጣሪያችን ላይ እስካሁን ምንም የፀሐይ ፓነል የለም። እኔም ባለቤቴም ቀን ሥራ ስለምንውልና ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ስለሚውሉ፣ መብራት በብዛት የምንጠቀመው ማታ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የእንጀራው ምጣድ አለ። ባለፈው ሳምንት ቤታችን ድረስ የመጣ አንድ ሻጭ 6.6 ኪሎዋት ፓነልና 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንድንገዛ ሐሳብ አቀረበልን። የባትሪውን ዋጋ አብዛኛውን መንግሥት እንደሚሸፍነው፣ ባትሪው በተለቀ ቁጥር ቅናሹም እንደሚያድግ፣ ነገር ግን ቅናሹ በየጊዜው እየቀነሰ ስለሆነ በዚያው ምሽት ብንፈርም እንደሚሻል ነገረን። እኛ ግን አልፈረምንም፤ ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሮን ሄዷል።

ማወቅ የምፈልገው ቅናሹ በእርግጥ እንዴት እንደሚሰላ፣ ለእኛ ዓይነት ቤተሰብ ይህን ያህል ትልቅ ባትሪ የሚያስፈልግ መሆኑን፣ እንዲሁም ቅናሹን ለማግኘት ባትሪያችንን የኤሌክትሪክ ኩባንያው እንዲያዝበት መፍቀድ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ነው። በሙያው ላይ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ኤሌክትሪሺያን ከሰንሻይን፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ ጠያቂ። አለመፈረምዎ መልካም ነው። ሳይጠራ ቤት ድረስ ከመጣ ሻጭ ጋር የሚደረግ ውል በአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ መሠረት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል፤ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሻጩ ቀብድም መቀበል አይፈቀድለትም። የዛሬ ማታ ካልሆነ ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ይህን መብትዎን ሲጠቅስ ብዙም አልሰማሁም።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ቅናሽ በጥሬ ገንዘብ ወደ እጅዎ የሚመጣ ወይም በግብር ወቅት የሚጠየቅ ተመላሽ አይደለም። የሚተከለው ፓነልና ባትሪ እንደ መጠኑ የተወሰኑ ሰርቲፊኬቶችን ያስገኛል፤ እርስዎ በእነርሱ ላይ ያለዎትን መብት በፊርማዎ ለሻጩ ወይም ለወኪሉ ያስተላልፋሉ፤ ሻጩም ዋጋቸውን ከሚከፍሉት ላይ ይቀንሳል። የአንዱ ሰርቲፊኬት ዋጋ ቢበዛ 40 ዶላር ሲሆን፣ ወኪሉ የራሱን ድርሻ ስለሚያነሣ ለእርስዎ የሚደርሰው ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። የገቢ መጠን አይጠየቅበትም።

የፓነሉ ስሌት ቀላል ነው። 6.6 ኪሎዋቱ ለሜልቦርን እንደ ፀሐይዋ መጠን በተመደበው ቁጥር፣ በ1.185 ይባዛል፤ ውጤቱም የ2026ን ዓመት ጨምሮ እስከ 2030 መጨረሻ ባሉት 5 ዓመታት ይባዛል። የሚገኘው 39 ሰርቲፊኬት፣ ማለትም ቢበዛ 1,560 ዶላር ነው።

የባትሪው ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። ፕሮግራሙ በጁላይ 1 ቀን 2025 ሲጀመር ባትሪው በሥራ ላይ ሊያውለው ለሚችለው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 9.3 ሰርቲፊኬት ይሰጥ ነበር፤ ይህም እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ በእኩል መጠን ስለሚታሰብ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ ትልልቅ ባትሪ ወደ መግዛት አዘነበለ። መንግሥትም በ2.3 ቢሊዮን ዶላር የጀመረውን በጀት ወደ 7.2 ቢሊዮን ከፍ ለማድረግ ተገደደ፤ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮም ደንቡን ለወጠው። አሁን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው 6.8 ሰርቲፊኬት ነው። ያውም ሙሉ በሙሉ የሚታሰበው ለመጀመሪያዎቹ 14 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ከ14 እስከ 28 ላለው 60 በመቶው፣ ከ28 እስከ 50 ላለው ደግሞ 15 በመቶው ብቻ ይታሰባል።

ይህን በእርስዎ ጉዳይ ላይ እንየው። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጥ ባትሪ በኤፕሪል ወር ተተክሎ ቢሆን ኖሮ በጊዜው በነበረው 8.4 ተባዝቶ 336 ሰርቲፊኬት፣ ማለትም እስከ 13,440 ዶላር ያስገኝ ነበር። ዛሬ ግን የሚያስገኘው 164 ሰርቲፊኬት ነው፤ ይህም ከ6,560 ዶላር አይበልጥም። 13.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጥ ባትሪ በአንጻሩ 91 ሰርቲፊኬት፣ ማለትም እስከ 3,640 ዶላር ያገኛል። ስለዚህ ከ28 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጨምሩትን እያንዳንዱን መጠን በአብዛኛው የሚከፍሉት ከራስዎ ኪስ ነው። ሻጩ የነገርዎት በአሮጌው ደንብ ከሆነ ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁት።

ቅናሹ በየስድስት ወሩ መቀነሱ እውነት ነው። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ 6.8 የነበረው ወደ 5.7 ይወርዳል፤ ይህም ለ13.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 15 ሰርቲፊኬት፣ ማለትም ወደ 600 ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ነው። ጥቂት ሳምንት ወስዶ ሦስት ድርጅቶችን ዋጋ መጠየቅ ይህን አያሳጣዎትም። ነገር ግን የሚቆጠረው ውል የተፈረመበት ወይም ቀብድ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው አልቆ የኤሌክትሪክ ደኅንነት ማረጋገጫው የተፈረመበት ቀን ስለሆነ፣ ነገሩን ወደ ዲሴምበር መጨረሻ አይግፉት።

ስለ መጠኑ የእኔ ምክር ከ10 እስከ 14 ኪሎዋት ሰዓት ባለው ክልል ውስጥ እንዲቆዩ ነው። 6.6 ኪሎዋት ፓነል በሜልቦርን ዓመቱን በአማካይ ሲታይ በቀን ወደ 24 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫል፤ በክረምቱ በጁንና በጁላይ ግን ከዚያ ግማሽ ያህሉ ብቻ ስለሚገኝ 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው ባትሪ በእነዚያ ወራት ፈጽሞ አይሞላም። ባትሪ ገንዘብ የሚቆጥበው በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል ነው። ማታ ማታ 10 ኪሎዋት ሰዓት ብትጠቀሙና መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት 30 ሳንቲም ቢሆን፣ በዓመት የሚድነው 1,100 ዶላር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የባትሪው ክፍል ግን ባዶውን የሚቀመጥ ጎተራ ይሆናል። ከተቻለ ለተጨማሪ ባትሪ ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉን ተጨማሪ ፓነል ላይ ማዋል ይሻላል፤ ክረምቱን የሚያሻግረው ፓነሉ ነውና።

ባትሪውን ለኩባንያ አሳልፎ ስለ መስጠት፦ የፌዴራሉ ደንብ የሚጠይቀው ባትሪው ቨርቹዋል ፓወር ፕላንት ከሚባለው፣ ኩባንያ የብዙ ቤቶችን ባትሪ በአንድነት ከሚያዝበት አሠራር ጋር ሊገናኝ የሚችል እንዲሆን ብቻ ነው። መግባት አለመግባቱ የእርስዎ ፈቃድ ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፦

ወንድማችን ሰፊ ማብራሪያ ስለሰጡ እኔ ስለ ክፍለ ግዛቱ ድጋፍ ብቻ ልጨምር። በቪክቶሪያ ሶላር ቪክቶሪያ የተባለው የመንግሥት ተቋም ለፓነል እስከ 1,400 ዶላር ቅናሽና፣ ከተፈለገም በ4 ዓመት የሚመለስ፣ ወለድ የሌለው የ1,400 ዶላር ብድር ይሰጣል። የቤተሰቡ አጠቃላይ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በዓመት ከ210,000 ዶላር በታች፣ የቤቱ ዋጋም ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች መሆን አለበት። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ክልል ውስጥ እያሉ ገንዘቡን የሚያጡት ተከላው ካለቀ በኋላ ስለሚያመለክቱ ነው፤ ብቁነቱ መረጋገጥ ያለበት ከተከላው በፊት ነው። ለባትሪ ሲሰጥ የነበረው የክፍለ ግዛቱ የ8,800 ዶላር ብድር ግን በ2025 ተዘግቷል።

በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሦስት ቁጥሮች ተለያይተው እንዲጻፉልዎ ይጠይቁ፦ ቅናሽ ያልተነካበት ሙሉ ዋጋ፣ የሰርቲፊኬቶቹ ብዛትና የአንዱ ዋጋ፣ በመጨረሻም እርስዎ የሚከፍሉት። ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ቅናሹን በዚያ ውስጥ የሚውጥ ሻጭ የሚታወቀው በዚህ ነውና። ወደ መስመሩ በሚሸጡት ትርፍ ኃይል ላይም ብዙ ተስፋ አይጣሉ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በቪክቶሪያ ኩባንያዎች ሊከፍሉት የሚገባ ዝቅተኛ ተመን ቀርቷል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከልብ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የፓነል ሰርቲፊኬቶቹን የሚገዙት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ናቸው፤ ወጪውንም በደንበኞች ሁሉ ሒሳብ ላይ ያከፋፍሉታል። የባትሪውን መንግሥት ከራሱ ካዝና ይከፍላል። ስለዚህ ተከራይ የሆኑ ወገኖቻችን ከፋዮች ሆነው ሳለ ተጠቃሚ አይደሉም። ተከራዮች አከራያቸውን ቢያነጋግሩ መልካም ነው፤ ሶላር ቪክቶሪያ ለሚከራዩ ቤቶች ባለንብረቱ የሚያመለክትበት ተመሳሳይ የ1,400 ዶላር ድጋፍ አለውና።

የታርኔት ነዋሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያልጠበቅሁትን ያህል ግልጽ ሆኖልኛል። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ለሻጩ አንፈልግም ብለነዋል። አሁን 13.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጥ ባትሪ ለመግዛት አስበን ዋጋ እያጠያየቅን ነው። የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ምጣዱን ከባትሪው ማንቀሳቀስ ይቻላል ወይ? መብራት ሲጠፋስ ቤቱ ሁሉ በባትሪው ይሠራል?

ኤሌክትሪሺያን ከሰንሻይን፦

ስለ ምጣዱ መጠየቅዎ ጥሩ ነው፤ የእኛን ቤት አጠቃቀም የማያውቅ የተከላ ባለሙያ ይህን አይጠይቅዎትም። ባትሪ ሁለት መለኪያ አለው፤ ኪሎዋት ሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ፣ ኪሎዋቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ይናገራል። ምጣድዎ ላይ የተጻፈውን ዋት ይመልከቱ፤ ምጣዱ 3 ኪሎዋት የሚወስድ ቢሆንና ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚቀይረው መሣሪያ፣ 5 ኪሎዋት ብቻ የሚሰጥ ቢሆን፣ ምጣዱ ተጥዶ ሳለ የልብስ ማድረቂያውም ከበራ የጎደለው ከመስመሩ ይሞላል። ቅዳሜ የምትጋግሩት እኩለ ቀን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሳይነካ ፓነሉ ራሱ ብዙውን ሊሸፍን ይችላል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው በውሉ ላይ የተመሠረተ ነው። ባትሪ መኖሩ ብቻ ቤቱን አያበራም፤ የመጠባበቂያ መስመር ተብሎ ለብቻው መዘርጋት አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ዋጋ አለው። ቤቱን በሙሉ ማገናኘት ሲቻል ብዙዎች ማቀዝቀዣውን፣ አምፖሎቹንና ኢንተርኔቱን ብቻ ይመርጣሉ። የትኞቹ መስመሮች እንደሚካተቱ በስም እንዲጻፍ ያድርጉ።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የተከላ ባለሙያው በሶላር አክሬዲቴሽን አውስትራሊያ ለባትሪም ጭምር ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ የፓነሉ፣ የኢንቨርተሩና የባትሪው ሞዴል በክሊን ኢነርጂ ካውንስል የተፈቀዱ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰርቲፊኬቱ አይሰጥም፤ ውሉም ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ካልተናገረ ሻጩ ሙሉውን ዋጋ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። የዋጋ ማቅረቢያዎቹ ሲደርሱዎት የሻጮቹን ስም ሸፍነው እዚህ ቢለጥፏቸው አብረን እናያቸዋለን።