ሐረጎ ላይ ለሲቪል መኪና መንገድ አልለቀቅክም ተብዬ መንጃ ፈቃዴ ተያዘ፤ ምን ላድርግ?

የቆቦው አይሱዙ፦ ፍጠኑልኝ፣ ኮምቦልቻ ቆሜያለሁ። ከደሴ ስወርድ ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ ከኋላ ክላክስና ባውዛ ያበዛብኛል። ታርጋው ኮድ 3 (የንግድ) ነው፣ ሳይረን የለው፣ ጽሑፍ የለው። ጉሙ ደግሞ አፍንጫዬ ላይ ነው። ሜዳው ላይ ቀድሞኝ ተጋደመ፣ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ወርደው «ለፖሊስ ቅድሚያ ከልክለሃል» አሉና ለትራፊክ አስረከቡኝ። ክስ ተጽፏል። ጭነቱ ቲማቲም ነው!

ሸዋ በር፦ አብሽር ወንድሜ። ለሚቀጥለው ቀኝህን ያዝና አሳልፍ።

ጡረተኛው፦ የዛሬ ሹፌር መስታወት አያይም። እኛ በኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ ሐረጎን በማርሽ ስንወርድ ከኋላ የመጣውን ሁሉ እናውቅ ነበር።

ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ የኤንትሬውን ታሪክ ባለፈውም ነግረውናል 😂 ቲማቲሙ ድልህ ሳይሆን መፍትሔ ንገሩት።

ሕግ ተማሪ፦ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምልክቱ ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ አምቡላንስ፣ እሳት አደጋም ሆነ ፖሊስ የድምፅና የመብራት ምልክት እያሰማና እያሳየ ሲመጣ ነው ልቀቁለት የሚለው። በክላክስ ብቻማ ማንም ባለ ፒክአፕ ፖሊስ ነኝ ይል ነበር።

ሮቢት፦ ቀኝ ይዞ ማሳለፍ ነው የሚሻለው።

ሸዋ በር፦ እሱን እኮ ብያለሁ።

ባለ ሚኒባስ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥፋት ምንድን ነው? እነሱ በአፍ ያሉህን ተወው።

የቆቦው አይሱዙ፦ ጽሑፉ አይነበብም፣ «የትራፊክ ፖሊስ ትእዛዝ አለማክበር» መሰለኝ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።

ባለ ሚኒባስ፦ በለው! ይሄማ ሌላ ክስ ነው። ዩኒፎርም ለብሶ «ቁም» ያለህ ሰው ነበር? ካልነበረ ከመክፈልህ በፊት ግባና ኃላፊውን አነጋግር፤ ከከፈልክ አምኗል ነው የሚሉህ። ረዳትህን ይዘህ ግባ፣ ያየውን ይናገር። የፒክአፑን ታርጋ ይዘሃል?

ጡረተኛው፦ ታርጋ እንኳ ካልያዘ ምኑን ሹፌር ሆነ።

ሕግ ተማሪ፦ መታወቂያ አሳይተውህ እንደሆነም ተናገር። የክሱን ወረቀት በስልክ አንሳው።

ቧንቧ ውሃ፦ በየትኛው ባትሪ?

ሮቢት፦ ቲማቲሙን የሚገዛ አለኝ፣ ውስጥ መስመር ጻፍልኝ።