የተከታታይ አኒሜ ታሪክ መሃሉ ተቆርጦ ለሲኒማ መሸጡ ልክ ነው?

የክርክሩ መነሻ፦ አጋንንትን በጎራዴ ስለሚገድሉ አዳኞች የሚተርከው የጃፓን አኒሜ (በስዕል የሚሠራ ፊልም) «ዲመን ስሌየር» በ2019 በ26 ክፍል በቴሌቪዥን ታየ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የታሪኩ ቀጣይ ግን እንደ ሁለተኛ ሲዝን አልመጣም። «ሙገን ትሬን» ተብሎ የ117 ደቂቃ ፊልም ሆነና ኦክቶበር 16፣ 2020 ጃፓን ሲኒማ ቤት ገባ። በመጀመሪያው ቀን ሺንጁኩ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት ብቻ 42 ጊዜ አሳየው። ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ገንዘቡን እንተወው፤ አሠራሩ ልክ ነው ወይ? ፊልሙን ያላየ ከዚህ በታች አያንብብ፣ መጨረሻው ይነገራል።

ሰንደል፦ ልክ አይደለም። ፊልም ተብሎ ትኬት የሚቆረጥበት ነገር ለብቻው መቆም አለበት። ይሄኛው ዋናው ገጸ ባሕርይ ታንጂሮ ማን እንደሆነ፣ እህቱን ለምን ሳጥን ውስጥ አዝሎ እንደሚዞር ሳይነግርህ ባቡር ላይ ያሳፍርሃል። እሱን ለማወቅ የመግቢያና የመውጫ ዘፈኑን እየዘለልክ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቲቪ ማየት አለብህ። ቅርጹም ችግር አለው። ተሳፋሪውን በሕልም የሚያጠምደው ጋኔን ኤንሙ ተሸነፈ፣ ባቡሩ ተገለበጠ፣ በቃ አለቀ ስትል አካዛ የሚባል ሌላ ጋኔን ዱብ ይላል! ስለ እሱ ፊልሙ ቀድሞ አንድም ነገር አላለም። ማንጋ (ታሪኩ የተወሰደበት የጃፓን የስዕል መጽሐፍ) በየሳምንቱ ስለሚወጣ እንዲህ ያለው ነገር ያምርበታል። ፊልም ላይ ግን ሁለት ታሪክ በመርፌ የተሰፋ ይመስላል።

ጎራዴ፦ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለሲኒማ የሚሆን ምረጥ ብባል እኔም ይሄንኑ ነው የምመርጠው። አንድ ሌሊት፣ አንድ ባቡር፣ 8 ፉርጎ፣ ከ200 በላይ ተሳፋሪ። ወጥመዱም ቁልጭ ያለ ነው። የትኬቱ ቀለም ውስጥ የኤንሙ ደም አለበት፤ ትኬት ተቆጣጣሪው በመብሻው ጠቅ ሲያደርገው ተሳፋሪው እንቅልፍ ይወስደዋል። ከአዳኞቹ ቁንጮዎች አንዱ የሆነው ሬንጎኩ ከነቃ በኋላ ሥራውን እንዴት እንደሚያከፋፍል ደግሞ እየው። 5ቱን የኋላ ፉርጎ ለራሱ ይይዛል፣ 3ቱን ለታንጂሮ እህት ለኔዙኮና ለጓደኛው ለዜኒትሱ ይሰጣል፣ ታንጂሮና ሌላው ጓደኛው ኢኖሱኬ ወደፊት ሄደው ቆርጠው ሊገድሉት የኤንሙን አንገት ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ማን የት እንዳለ አይጠፋህም። አካዛን በተመለከተ፣ ፊልሙ የሚከፈተው እኮ በመቃብር ነው። የአዳኞቹ አለቃ «ልጆቼ» በሚላቸው በሞቱት አዳኞች መካከል ሲሄድ ነው መጀመሪያ የምታየው። አንድ ሰው እንደሚሞት ከዚያው ተነግሮሃል።

ሰንደል፦ «ሰው ይሞታል» ማለትና «አካዛ የሚባል አለ» ማለት አንድ አይደለም።

ፍሬም፦ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ስህተት ላርም። ፊልሙ ከተከታታዩ ይልቅ «በሰከንድ ብዙ ፍሬም አለው» የሚባለው ውሸት ነው። ሁለቱም በሰከንድ 24 ፍሬም ናቸው። ልዩነት ሊመጣ የሚችለው አንድ ስዕል ስንት ፍሬም ይቆያል በሚለው ነው። 3 ፍሬም ከቆየ በሰከንድ 8 ስዕል፣ 2 ከቆየ 12 ስዕል ነው። ፈጣን ምት ላይ ለእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ ስዕል ሊሠራ ይችላል። ይህም ቢሆን ሥራውን የሠራውን ስቱዲዮ ዩፎቴብልን የሚለየው ዋናው ነገር አይደለም። በእጅ የተሳለውን ሰው፣ የኮምፒውተሩን የባቡር አካልና የእሳቱን ብርሃን አንድ ላይ የሚያዋህዱት ባለሙያዎች እዚያው ስቱዲዮው ውስጥ ናቸው። የሬንጎኩ እሳት ሲነሳ ፊቱና ልብሱ ላይ ያለው ብርሃን አብሮ ይቀየራል። ያ ካልተሠራ እሳቱ ከላይ እንደተለጠፈ ተለጣፊ ይሆናል። በየሳምንቱ ክፍል ማስረከብ ባለበት ሥራ መጀመሪያ የሚሰዋው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ለሲኒማ የምደግፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንደል፦ ታዲያ በ2021 ያንኑ ፊልም 7 ክፍል አድርገው ለቴሌቪዥን ሲያወጡት ስዕሉ ተበላሸ? አልተበላሸም። ለሁለቱም መሆን ከቻለ የቲቪውን ተመልካች አንድ ዓመት ማስጠበቅ ለምን አስፈለገ?

ፍሬም፦ ስዕሉ አልተበላሸም፣ ትንፋሹ ግን ተቆራርጧል። ሂሳቡን እንየው። የመጀመሪያው ክፍል ሬንጎኩ ባቡሩ ላይ ከመሳፈሩ በፊት ያለውን የሚያሳይ አዲስ ታሪክ ነው። ፊልሙ የተከፋፈለው ለቀሩት 6 ነው፤ 117ን ለ6 ስታካፍል 19 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። የቲቪ ክፍል 24 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የመግቢያውና የመውጫው ዘፈን ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ልኩ ይገጥማል። የማይገጥመው መቁረጫው ቦታ ነው። ታንጂሮ ከሕልሙ ለመንቃት የራሱን አንገት የሚቆርጥበት ትዕይንት ጉልበቱን የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ረጅም የቤተሰብ ሕልም ነው። መሃል ላይ ዘፈንና የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሲገባ ያ ክብደት ይቀላል። ደግሞ 6ኛውን ክፍል ስሙን «አካዛ» አሉት። ዱብ ይላል ያልከውን ሰውዬ በርዕስ አስተዋወቁልህ፤ ለአንተ ይሻላል መሰለኝ።

ጎራዴ፦ አንድ ቦታ ላይ ግን ሰንደል ልክ ነው። በ2023 ያለፈውን ሲዝን የመጨረሻ 2 ክፍሎችና የሚቀጥለውን ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ገጣጥመው ሲኒማ ቤት አሳዩ። እሱ ፊልም አይደለም፣ ቲቪ በትልቅ ስክሪን ነው። ያንን አልከላከልም።

ሰንደል፦ የዚሁ ታሪክ ኋለኛ ፊልም የሆነውን «ኢንፊኒቲ ካስል»ንስ? ጁላይ 2025 ወጣ፣ 155 ደቂቃ ነው፣ ከሦስት ፊልሞችም የመጀመሪያው ነው። አዳኞቹ ከአጋንንቱ ጋር ይፋለማሉ፦ ሺኖቡ ከዶማ፣ ዜኒትሱ ከካይጋኩ፣ ታንጂሮና ጊዩ ከአካዛ። ሦስት ፍልሚያ፣ እያንዳንዱ መሃል ላይ ቆሞ ወደ ድሮ ትዝታ ይመለሳል። አካዛ ጋኔን ከመሆኑ በፊት ሰው የነበረበት ዘመን ታሪክ ለብቻው ቢወጣ እጅግ የሚያምር አንድ ክፍል ነበር። ፊልሙ ውስጥ ግን ጡጫው ከፍ ብሎ እንደተሰነዘረ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ፍሬም፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሙገን ትሬን ላይ ሕልሞቹ የጠላት መሣሪያ ስለሆኑ ትዝታውም ውጊያው ራሱ ነው። ካስል ላይ ትዝታው ውጊያውን ያስቆማል። ማንጋው ተቀይሮ መደራጀት ነበረበት፣ እነሱ ግን ከገጹ ላለመውጣት ወሰኑ።

ጎራዴ፦ ቢቀይሩት ደግሞ ማንጋውን ያነበበ ሁሉ ይጮህ ነበር!

ሊያ፦ ክርክሩ መሃል ይቅርታ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ለሕፃን ይሆናል? ከየትስ ይጀመራል?

ፍሬም፦ ጃፓን ሙገን ትሬንን ፒጂ 12 አለው፣ ማለትም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጅ ይምከረው ነው። አሜሪካ አር ሰጠው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ አዋቂ ሳይኖር አይገባም። ደሙ ብቻ አይደለም፣ ልጅ የራሱን አንገት ሲቆርጥ ያሳያል። ለሰባት ዓመት ልጅ አታሳይው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 26ቱ ክፍል፣ ከዚያ የሙገን ትሬን ፊልም፣ ከዚያ የመዝናኛ ሰፈሩ 11 ክፍል፣ የጎራዴ ሠሪዎቹ መንደር 11፣ የሐሺራዎቹ (የአዳኞቹ ቁንጮዎች) ሥልጠና 8፣ በመጨረሻ ካስል።

ሰንደል፦ 56 ክፍልና አንድ ፊልም፣ አንድ ትኬት ለመቁረጥ። ሌላ ምን ልበል?

ጎራዴ፦ ለማያውቅ ሰው አልሠሩትም፤ ይህንን ደብቀውም አያውቁም።

ሊያ፦ የቲቪውን 7 ክፍልስ ልዝለለው?

ፍሬም፦ የመጀመሪያውን ብቻ እይው፣ ከፊልሙ በፊት። ከ2 እስከ 7 ያለው ፊልሙ ራሱ ስለሆነ ሁለቴ አትድከሚ።