ልጄን ለሁለት ሳምንት የባንድ ካምፕ ሐረማያ ልላካት? (14 ዓመት፣ ትራምፔት)

የቀፊራዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ቀፊራ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ ስለ ሙዚቃ የማውቀው ሬዲዮ መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ በትምህርት ቤቷ ማርሽ ባንድ ትራምፔት ትነፋለች። ሰሞኑን የሙዚቃ መምህሯ አስጠርቶኝ በዚህ ክረምት ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለታዳጊዎች የሁለት ሳምንት የባንድ ካምፕ እንዳለ፣ እሷም ብትሄድ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። የሚያድሩት እዚያው ተማሪዎቹ ለእረፍት ሲወጡ ባዶ በሚሆነው ዶርም ነው።

ያሳሰበኝ ብዙ ነው። አሁን የምትነፋበት መሣሪያ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ለክረምት ከግቢ አይወጣም ተብላለች። አሸዋ ገበያ በኩል አንድ ሰው ያገለገለ ትራምፔት አሳየኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ የሱቄን የሁለት ወር ኪራይ ይበላል። ደህና መሆኑን በምን ልወቅ? ካብለጨለጨ እኔን ማታለል ቀላል ነው።

ደግሞ ልጅቷ ኖታ አታነብም። በጆሮዋ ነው የምትይዘው፤ አንዴ የሰማችው አይጠፋትም፣ ወረቀት ፊቷ ሲቀመጥ ግን ላብ ይይዛታል። ከየከተማው ከመጡ ልጆች መሀል ተቀምጣ ትሸማቀቅ ይሆን? ከቤት ውጭ ደግሞ አድራ አታውቅም። አባቷ «አንቺ እንዳልሽ» ብሎ ነገሩን እኔ ላይ ጥሎ፣ ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ብሏል። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሳክስ ከሳቢያን

እትዬ፣ ይላኳት። እኔ አምና ሌላ ግቢ እንዲህ ዓይነት ካምፕ ገብቼ ነበር። ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ ሁሉም በየመሣሪያው ይለያያል፦ ትራምፔቶች አንድ ክፍል፣ ሳክስና ክላርኔት ሌላ ክፍል፣ ከበሮዎቹን በተቻለ መጠን ሩቅ። ከምሳ በፊት አዳራሽ ውስጥ አንድ ላይ እንነፋለን። ከሰዓት በኋላ ኖታና ሪትም አለ፤ ሁሉም የሚያንቀላፋው ያኔ ነው። አመሻሹ ላይ ሜዳ ወጥተን እየተራመድን እንለማመዳለን። የመጨረሻው ቀን ወላጅ ተጠርቶ ኮንሰርት ይቀርባል።

ስለ ኖታው አይጨነቁ፤ ግማሾቻችን አናነብም ነበር። ወፍራም ሹራብና ብርድ ልብስ ግን ይስጧት። የድሬ ልጅ ብርድ ሲባል የሚመስላት ማራገቢያ ነው።

ጡረተኛው ባሪቶን

እህቴ፣ ላኪያት። መልሴ ይኸው ነው። አሁን ወደ ትራምፔቱ ልግባ፤ ገንዘብሽ የሚያልቀው እዚያ ነውና።

ዕድሜዬን ማርሽ ባንድ ውስጥ ባሪቶን (ከትራምፔት ድምፁ ወፈር ያለ ናስ) ስነፋ ጨረስኩ፤ አሁን ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፣ ልጆች መሣሪያ ይዘው ሲመጡ አይላቸዋለሁ። ያገለገለ ትራምፔት ስትገዢ ማብለጭለጩን አትይ። ሦስቱን ቫልቮች አንድ በአንድ ተጫኝና ልቀቂ፤ ወዲያው ፈንጠር ብለው መመለስ አለባቸው። የሚንቀረፈፍ ካለ የቫልቭ ዘይት ይደረግበትና ድገሚው፤ ከዘይትም በኋላ ካልታዘዘ ተዪው። ቀጥለሽ ቫልቭ ሳትጫኚ የመካከለኛውን አጭር ስላይድ (ስላይድ የሚሳበው ቱቦ ነው) ፈጠን አድርገሽ ጎትተሽ አውጪው። «ጷ» ብሎ ከወጣ አየር አይወጣበትም ማለት ነው። ድምፅ ሳያሰማ ከወጣ ግን የሆነ ቦታ ያሾልካል፤ ልጅሽ ትንፋሿን ለነፋስ ነው የምትገብረው።

ትልቁ ስላይድ በእጅ መንቀሳቀስ አለበት። ተጣብቆ ሻጩ «በፒንሳ ልፍታው» ካለሽ እጁን ያዢው። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት አፉ) የሚገባበትን ቱቦ ደግሞ ፀሐይ ላይ አውጥተሽ እዪው፤ ቀያይ ነጠብጣብ ካለበት ናሱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ዚንኩ ሲወጣ የሚቀረው መዳብ ነው እንዲያ የሚቀላው፤ ምንም ያህል ቢወለወል አይመለስም። ማውዝፒሱ ላይ 7ሲ የሚል ከተጻፈ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው።

ግን እኮ ለምን ትገዣለሽ? መምህሩ ራሱ ርእሰ መምህሩን ያነጋግር፤ አንቺ ፈርመሽ በኃላፊነት ውሰጂላት። ሳይነካ ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከርም ቫልቭ ደርቆ ነው መስከረም የሚጠብቃቸው። ብትነፋው ለእነሱም ጥቅም ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ (እኛ ሽማግሌዎቹ አሁንም አለማያ ነው የምንለው) 2,000 ሜትር ገደማ። ደንገጎን ወጥተሽ አናቱ ላይ ስትደርሺ የመኪናውን መስኮት የምትዘጊው ለዚህ ነው፤ መሣሪያውም ይሄንኑ ያውቃል። ናስ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ልጅሽ በድሬ ሙቀት ትልቁን ስላይድ ሳብ አድርጋ መንፋት ለምዳለች። ሐረማያ ላይ ጠዋት በዚያው ልክ ከነፋች ከኪቦርዱ በታች ትሆናለች፤ ጆሮ ያላት ልጅ ስለሆነች ደግሞ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፣ «ምን ነካኝ» ብላ ትደነግጣለች። ምንም አልነካት። መጀመሪያ ድምፅ ሳታወጣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ደጋግማ ትልቀቅበት፣ ከዚያ ስላይዱን ትንሽ ወደ ውስጥ ታስገባ። ፀሐይ ሲወጣ እንደገና ትስበዋለች። ክር ያለው መሣሪያ ተቃራኒው ነው፤ ሙቀት ክሩን ያላላውና ድምፁ ይወርዳል። ቀትር ላይ ሜዳ ላይ ነፊና ጊታሪስት ሲነታረኩ ካየሽ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ስለ ኖታው። ጆሮ የሌለው ኖታ አንባቢ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ነፋስ ሲወስድበት አብሮት ይጠፋል። የአንቺ ልጅ ከባዱን ይዛለች፣ የቀራት ቆጠራው ነው። ማርሽ በደቂቃ 120 እርምጃ ነው፣ ግራ እግር «አንድ» ላይ ያርፋል። ከቤት እስከ ሱቅሽ ስትመላለስ አራት አራት እየቆጠረች ትራመድ። ሁለት ዙር እያጨበጨበች፣ ሁለት ዙር ዝም እያለች፣ እግሯ ሳይዛነፍ። ካምፕ ላይ ልጆች የሚወድቁት ሲነፉ አይደለም፣ ሳይነፉ ነው። ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ቆጠራ ነው እንበል) ጠብቀሽ ዘጠነኛው ላይ ግቢ ሲባሉ አንዱ በሰባት ይገባል፣ አንዱ ጎረቤቱን እያየ ያልፈዋል። ጣት ቤት ውስጥም ይሠለጥናል። መጠበቅና የጎንን ሰው መስማት ግን ብቻ ተቀምጠሽ የምትማሪው አይደለም፣ ሌላ ነፊ አጠገብሽ ያስፈልጋል። ካምፕ ሂጂ የምላት ለዚህ ነው፤ ለሰርተፍኬቱ ብሎ የሚሄድ ቤቱ ይቀመጥ።

የጀጎል ልጅ

አቦ፣ ሁላችሁም ላኪያት ላኪያት ትላላችሁ። ሁለት ሳምንት የፈረንጅ ማርሽ አስነፍተው ይመልሷታል። ትዝታን ከባቲ ሳትለይ ናስ ተሸክማ ሰልፍ መውጣት ምን ያደርግላታል? ያንን ገንዘብ ለክራር አስተማሪ ብትከፍይ ልጅቷ የራሷን ታውቃለች። እኔ ሐረር ነኝ፤ እዚህ ሠርግ ላይ ትራምፔት የሚጠራ የለም።

ጡረተኛው ባሪቶን

የጀጎሉ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ካምፑ አራቱን ቅኝቶች ካላስነካቸው ጎደሎ ነው፤ እናትየዋ ይህን አስቀድማ ትጠይቅ።

የፈረንጅ ያልከው ላይ ግን ቆይ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አምጥተው የናስ ባንድ አቋቁመዋል። አርባ ልጆች የተባሉት እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። ያኔ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር የሚያልፈው በዚችው በድሬ ነበር። ወደ መቶ ዓመት ገደማ እዚህ ሲነፋ የኖረ ናስ እስከ መቼ እንግዳ ይሁን? ዓሊ ቢራም ቢሆን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አፍራን ቀሎ የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለው እዚሁ ድሬ ነው። ካምፕ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ካምፑ ከሚበልጡት ጋር መጫወቱ ነበር።

ቅኝቱንም ቢሆን ትራምፔት ይችለዋል። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ አምስት ድምፅ። ልጆቹን የሚያደናግራቸው ሌላ ነው፦ አንዱን ድምፅ መሣሪያዎቹ በተለያየ ስም ነው የሚጠሩት። ክራሩ «በሲ (በዶ ማለቱ ነው) ነው የቃኘሁት» ካለ ቢ ፍላት ትራምፔት ያቺን ሲ ለማግኘት የሚነፋው ዲ (ሬ) ነው፣ ኢ ፍላት አልቶ ሳክስ ደግሞ ኤ (ላ)። ይህን የማያውቁ ልጆች አንድ ክፍል አስገብተህ «ሲ ንፉ» ብትላቸው ሦስት ዓይነት ድምፅ ነው የምትሰማው፣ ሁሉም ደግሞ ትክክል ነኝ ይልሃል። ሳቢያኑ ሳክስ ይመሰክርልኝ።

ሳክስ ከሳቢያን

እመሰክራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከአንድ ትራምፔት ነፊ ጋር በዚሁ ተኮራርፈን ምሳ ለየብቻ ነው የበላነው።

ነርስ ነኝ

ስለ አዳሩ ልጨምር። ከመክፈልሽ በፊት ማታ ሴቶቹ ዶርም ውስጥ የምታድረው ኃላፊ ማን እንደሆነች ጠይቂና ስልኳን ተቀበዪ፤ «ሰው አለ» የሚል መልስ አይበቃም። የበር ቁልፍ ማን ጋ ነው? ልጅ ሲታመም የሚወሰደው የት ነው? አስም ካለባት መድኃኒቷ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሷ ይሁን፤ ጠዋት ብርድ ላይ መንፋት ሊቀሰቅስባት ይችላል።

የጆሮ ነገርም አለ። ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለ8 ሰዓት ሲሰማ ጆሮ ይጎዳል፣ ዝግ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የናስ ረድፍ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ርካሽ ነው። በተለይ ከከበሮዎቹ ፊት ካስቀመጧት ታድርገው።

የቀፊራዋ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሸዋ ሄጄ ስላይዱን ጎትቼ አወጣሁት፤ ጷም አላለ ጭጭ። ሻጩ «እትዬ፣ ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ዋጋውን በግማሽ ሊቀንስልኝ ነበር፣ ትቼው መጣሁ። መምህሯ ርእሰ መምህሩን አነጋግሮልኝ የትምህርት ቤቱን ትራምፔት ፈርሜ ወስጃለሁ። የሴቶቹን ኃላፊም በስልክ አገኘኋት፤ ረጋ ያለች ሴት ናት፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። ስለ ቅኝቱ ጠይቄ ከሰዓት በኋላ አንድ የማሲንቆ መምህር እንደሚመጣላቸው ነግረውኛል፤ የጀጎሉ ልጅ ደስ ይበልህ።

ጋሼ ባሪቶን፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መሄዷን ካወቀች ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ እየነፋች ከንፈሯ አብጧል። ጎረቤት በጣም ታግሶናል። ቅባት ላድርግላት? ቫልቩንስ የኑግ ዘይት ብቀባው?

ጡረተኛው ባሪቶን

በመጀመሪያ እርስዎ አትበይኝ፣ ድሬ ነን። ሁለተኛ የኑግ ዘይት ለወጥሽ! የምግብ ዘይት ቫልቭ ውስጥ ሲቆይ ይጣበቃል። ትንሽ ጠርሙስ የቫልቭ ዘይት ከመምህሩ ለምኚ፤ ጠብታ ነው የሚያስፈልጋት።

ከንፈር ጡንቻ ነው፤ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ለጊዜው መሣሪያውን ቀሚው፣ እብጠቱ እስኪወርድ አንድም ድምፅ አታውጣ። ከዚያ በኋላ የነፋችውን ያህል ትረፍ፤ አሥር ደቂቃ ከነፋች አሥር ደቂቃ ታስቀምጠው። ስትጀምር ዘፈን አይደለም፤ ዝቅ ያሉትን ድምፆች ረዘም አድርጋ፣ በለሆሳስ። ከፍ ያለው ድምፅ አልወጣ ሲላት ማውዝፒሱን ጥርሷ ላይ እየተጫነች እንደሆነ እዪ፤ ክብ ምልክት ከንፈሯ ላይ ከቀረ እየተጫነች ነው። ኃይሉ ከሆድ ትንፋሽ እንጂ ከክንድ አይመጣም። ቅባቱን ማታ ስትተኛ ቀቢያት፣ ከመንፋቷ በፊት ግን አይሆንም፣ ማውዝፒሱ ያንሸራትታታል። ሚጥሚጣ ያለበት ነገር በልታም አትንፋ። ሙሸበክ በልታ ወይም ለስላሳ ጠጥታ ከሆነ አፏን በደንብ ትጉመጥመጥ፤ ስኳሩ በትንፋሽ ይገባና ቫልቩን ያጣብቀዋል፣ ከዚያ ዘይቱን ትወቅሺዋለሽ።

የጉዞው ቀን ማውዝፒሱ ከትራምፔቱ ተነቅሎ በጨርቅ ይጠቅለል፤ ተሰክቶ ከተመታ አይነቀልም። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «ሻንጣውን ላይ ልጫነው» ማለቱ አይቀርም፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ታውቂዋለሽ። እምቢ በይው። ጭኗ ላይ ትያዘው፤ ቦታ ይይዛል ብሎ ካስቸገረሽ የአንድ ወንበር ሒሳብ ጨምሪለት። ከጥገናው ይረክሳል።