ስሌዶች እንደዛ ገነው እንዴት ቶሎ ወረዱ?

ሚኪ_ቤዝ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ስሌድ ስለሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ። እንግሊዝ የሚኖር ያውቀዋል፣ ዲሴምበር ከገባ የትኛውም ሱፐርማርኬት ብትገቡ የነሱ የገና ዘፈን አለ፣ እኔም ለብዙ ጊዜ ከዛ ውጪ አላውቃቸውም ነበር። ቤዝ ጊታር ስለምጫወት የባንዱን ቤዚስት የጂም ሊን አጨዋወት ለይቼ ሳዳምጥ በጣም ገረመኝና የድሮ ስራዎቻቸውን ማሳደድ ጀመርኩ። ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ብቻ 6 ጊዜ የእንግሊዝን ቻርት 1ኛ ወጥተዋል፣ ከ6ቱ 3ቱ ደግሞ በ1973 በወጡበት ሳምንት ቀጥታ 1ኛ የገቡ ናቸው። ከዛ 1976 ላይ ስትደርሱ እንግሊዝ ውስጥ ስማቸውን የሚያነሳ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ «አሜሪካ ሄደው ነው የጠፉት» ይላል፣ እውነት እሱ ብቻ ነው? ወይስ ግላም የሚባለው የሚያብረቀርቅ ልብስ የሚለበስበት የሮክ ስልት ራሱ ስላለቀ ነው? ደግሞ ከየትኛው አልበም ልጀምር?

የሸክላ_ወዳጅ፦
ሚኪ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ስሌድን የግላም ባንድ ብሎ ከመጀመር ይልቅ የመድረክ ባንድ ብሎ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ልብሱ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ዎልቨርሃምፕተንና ዋልሳል አካባቢ ያሉ የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ ዘፋኙ ኖዲ ሆልደር አባቱ መስኮት ጽዳት ነበር የሚሰሩት፣ ከበሮ መቺው ዶን ፓወል ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሰርቷል። አራቱ አንድ ላይ የሆኑት በ1966 ነው፣ የመጀመሪያው ሂት እስኪመጣ 5 ዓመት ሙሉ ክለብ ለክለብ ሲጫወቱ ነው የኖሩት። ማናጀራቸው ቻስ ቻንድለር አኒማልስ የሚባለው ባንድ ቤዚስት የነበረው፣ ጂሚ ሄንድሪክስን እንግሊዝ አምጥቶ ያስተዋወቀው ሰውዬ ነው፣ እና እሱ መጀመሪያ ጸጉራቸውን አስላጭቶ ቡት ጫማና ብሬቴል አስለብሶ ስኪንሄድ አደረጋቸው፣ አልሰራም። ግሊተሩና ከፍ ያለው ጫማ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እሱንም በዋናነት ያመጣው ጊታሪስቱ ዴቭ ሂል ነው። ጂም ሊ በልብሱ ሲበሳጭ ሂል የመለሰለት «እናንተ ጻፉ፣ እኔ እሸጠዋለሁ» ዓይነት ነገር ነው፣ እውነቱን ነው እኮ፣ ቴሌቪዥን ላይ ሕዝቡ ዓይኑን መንቀል ያቃተው ከሱ ላይ ነው።

የሆልደርን ባርኔጣ አይታችኋል አይደል? ዙሪያውን መስታወት የተለጠፈበት። ያ ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ የአዳራሹ መብራት ይጠፋና አንድ ስፖትላይት ባርኔጣው ላይ ሲያርፍ ጨረሩ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ይበተናል፣ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር ብርሃኑም አብሮት ሕዝቡ ላይ ይዞራል። ከኋላ የቆመውን ሰው ጭምር ያስባሉ ማለት ነው። በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ 1ኛ የወጣው ዘፈናቸውም እንደዛው ነው፣ ጂም ሊ ቫዮሊን የሚጫወትበት፣ ለስለስ ያለ ዜማ ስለነበረ በጣም እንዳይለሰልስ ብለው ነው ጭብጨባና የእግር ድብደባ የጨመሩበት። ያ የቡት ድምጽ ነው በኋላ የስሌድ ድምጽ የሆነው።

ሰላም_ከሚድላንድስ፦
ሁሉም ሰው አሜሪካ አሜሪካ ይላል፣ የዶንን አደጋ የሚያነሳው ግን ትንሽ ነው፣ ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ጁላይ 1 1973 ለንደን ኧርልስ ኮርት ላይ በህይወታቸው ትልቁን ኮንሰርት ከሚባሉት አንዱን ተጫወቱ፣ ዘፈናቸው በዛው ሳምንት ቻርቱ ላይ 1ኛ ነው፣ ከ3 ቀን በኋላ ጁላይ 4 ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ ዶን ፓወል የነበረበት መኪና ተጋጨ። አብራው የነበረችው ፍቅረኛው ሞተች። እሱ ለቀናት ራሱን ሳያውቅ ቆየ፣ ሲነቃ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነገር የማስታወስ ችሎታው ተጎድቷል፣ ጣዕምና ሽታም ጠፋበት። የተያዘላቸውን ኮንሰርት ላለመሰረዝ የጂም ሊ ወንድም ከበሮ ላይ ተቀመጠ፣ ዶን ግን ዓመቱ ሳያልቅ ተመለሰ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እያንዳንዱን ምት እየነገሩት እያስታወሱት ነበር የሚቀዱት፣ ለብዙ ዓመት የዕለት ማስታወሻ እየጻፈ ነው ነገሮችን የሚይዘው። ያ በየሱፐርማርኬቱ የምትሰሙት የገና ዘፈን የተቀዳው በዛ ሁኔታ ውስጥ ነው፣ ያውም ኒውዮርክ ሪከርድ ፕላንት ስቱዲዮ፣ በበጋ ሙቀት። የኮረሱን ማስተጋባት ለማግኘት ወጥተው ኮሪደር ላይ ነው የዘፈኑት፣ የቢሮ ሰራተኞች እያዩዋቸው ሲያልፉ። ዲሴምበር ላይ ሲወጣ እንግሊዝ በማዕድን ሰራተኞች ውዝግብ መብራት ለመቆጠብ የስራ ሳምንቱ ወደ 3 ቀን ሊወርድ ነው የተባለበት ጊዜ ነበር፣ ሰዉ ለምን እንደዛ እንደያዘው መገመት አይከብድም። ሆልደር ግጥሙን የጻፈው ዋልሳል እናቱ ቤት በአንድ ሌሊት ነው።

ዳኒ_ሮክ፦
በአደጋው እስማማለሁ ሰላም፣ ግን ዶን ተመልሶ በ1974ም ሂት ነበራቸው፣ የዛ ዓመት አልበማቸውም 1ኛ ወጥቷል። ለኔ ለውጡ የጀመረው ራሳቸው የተወኑበት «ስሌድ ኢን ፍሌም» የሚባለው ፊልም ላይ ነው፣ በ1975 መጀመሪያ የወጣው። ሕዝቡ የሚያስቅ የሚያዝናና ነገር ነበር የጠበቀው፣ እነሱ ደግሞ ስለ ሙዚቃ ቢዝነስ ጭካኔ የሚያሳይ ጨለም ያለ ፊልም ይዘው መጡ። እኔ በጣም ነው የምወደው፣ አሁን ብዙ ሰው ከምርጥ የሮክ ፊልሞች ይቆጥረዋል፣ በጊዜው ግን ሕጻናት አድናቂዎቻቸውን አደናገረ። ከፊልሙ የወጣው በፒያኖ የሚጀምረው ዘፈን 15ኛ ላይ ቆመ፣ ከ1971 ወዲህ ከ10 ውስጥ የቀረ የመጀመሪያው ሲንግላቸው ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከዛ ወደ አሜሪካ ሄዱ፣ የሌሎች መክፈቻ እየሆኑ ዞሩ፣ መድረክ ላይ ሕዝቡን ያስጨፍራሉ ሬዲዮ ግን አያጫውታቸውም። ሲመለሱ ፐንክ የሚባለው አዲስ የሮክ ስልት መጥቷል። እና ሚኪ፣ አሜሪካ ብቻ ወይም ግላም ብቻ አትበል፣ አገር ውስጥ ያለው አድናቂ ሲያድግና ሲቀየር እነሱ እዛ አልነበሩም፣ እሱ ነው የጎዳቸው።

ሚኪ_ቤዝ፦
ኧረ እናመሰግናለን! ግን ከዛ በኋላ በቃ አለቀ? ሬዲንግ ምናምን የሚባል ነገር አንብቤ ነበር።

የሸክላ_ወዳጅ፦
እንዴት ያልቃል! በ1980 ሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ የሄቪ ሜታል ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ሲቀር በመጨረሻ ሰዓት እነሱ ተጠሩ፣ ዴቭ ሂል በቃኝ ብሎ ባንዱን ትቶ ነበር፣ ቻንድለር ነው ለምኖ ያመጣው። የሄቪ ሜታል ሕዝብ ፊት ቆመው መድረኩን ገለበጡት፣ በኦገስት ወር ሕዝቡ የገናውን ዘፈን እስኪዘፍን ድረስ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው 10 ውስጥ ገቡ። በ1983 ደግሞ ኳየት ራየት የሚባል የአሜሪካ ባንድ የነሱን የድሮ ዘፈን ተጫውቶ እዛ 5ኛ ወጣበት፣ በዛ ምክንያት ስሌዶች ራሳቸው በ1984 በሌላ ዘፈን አሜሪካ ላይ 20ኛ ደረሱ፣ ያን ሁሉ ዓመት ደክመው ያላገኙትን። ከኦዚ ጋር ቱር ጀመሩ፣ ጂም ሊ ጉበቱን ታመመና ተቋረጠ፣ አራቱ አንድ ላይ ከዛ ወዲህ ቱር ወጥተው አያውቁም። ሆልደር በ1992 ወጣ።

ከየት ልጀምር ላልከው «ስሌድ አላይቭ»፣ 1972፣ ሌላ አትንካ። ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ አድናቂዎቻቸውን አስገብተው ነው የቀዱት፣ ለስላሳው ዘፈን መሃል ሆልደር ማይክ ላይ ሲያገሳ ሳይቀር ትተውታል። የጂም ሊን ቤዝ በሄድፎን ስማው፣ ጊታሩ ሪትም ብቻ ሲይዝ ቤዙ ነው ዜማውን እየተሸከመ የሚሮጠው። ቀጥለህ የፊልሙን አልበም።

ሰላም_ከሚድላንድስ፦
እኔ የፊልሙን አስቀድማለሁ፣ ግን አላይቭንም በድምጽ ከፍ አድርገህ ስማ፣ ጎረቤት ከሌለህ።