እናቴን ዊትቢ ቅድስት ማርያም በየት በኩል ላውጣት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው፤ እናቴ ከጎንደር መጥታ እኔ ዘንድ ናት። በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በዊትቢ፣ ገደል አናት ላይ የቆመችውን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በፎቶ ካየች ወዲህ «ውሰጂኝ» ትለኛለች። 199 ደረጃ አለው፤ እርሷ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ሌላ መውጫ አለ? የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነችስ በጫማና በነጠላ ነገር ምን ልንገራት?

መልስ
እህቴ፣ ደረጃውን ተዪው። ከኋላ በኩል፣ አጠገቧ እስካለው የድሮ ገዳም ፍርስራሽ ድረስ መኪና ይወጣል። ማቆሚያው ይከፈልበታል፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኗ ቅርብ ናት። መኪና ከሌላችሁ ከባቡር ጣቢያው ታክሲ ያዙ። ጋቢ አይረሳ! ያ የባሕር ነፋስ የመቃብር ድንጋዮቹን ጽሑፍ እንኳ በልቶታል። ከገደሉ ጫፍ ራቁ፤ ከዓመታት በፊት አፈሩ ተንዶ የሰው አጽም ወጥቷል።

ሌላ መልስ
ጫማ አይወለቅም። ነጠላቸውን እንደ ልማዳቸው ይልበሱ፤ ማንም ምንም አይላቸውም። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ሳይቆርቡ መቀመጥ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ መቅደሱ እንደ ልብ አይታይም። ሕንፃው የተጀመረው በ1110 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ግን ቾምሊ የተባሉት ባለርስቶች በጠመዝማዛ ዓምዶች ላይ የቤተሰባቸውን መቀመጫ ከመቅደሱ ቅስት ፊት ገተሩት። ጌቶች ከመሠዊያው ፊት ከፍ ብለው መቀመጣቸው እኔን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ሌላ መልስ
የምእመናኑ መቀመጫ በር ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። አንዳንዱ ላይ «ለእንግዶች ብቻ» ተብሎ ተጽፏል፤ እናታችንን እዚያ አስቀምጫቸው። ባለ ሦስት እርከኑን የስብከት ሰገነትም አሳዪያቸው። ጆሮዋ ለማይሰማ የካህን ሚስት ስብከቱን ያደርሱላት የነበሩት ረጃጅም የመስሚያ ቀንዶች እዚያው አሉ።

ሌላ መልስ
ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ትልቁ ነገር አጠገቧ ያለው ገዳም ነው። በ664 እ.ኤ.አ. እመ ምኔት ሒልዳ ባስተናገደችው ጉባኤ የፋሲካ ቀን አቆጣጠር ክርክር የተፈታው እዚያ ነው። የዚያ አገር ንጉሥ ኦስዊዩ የአየርላንዶችን፣ ንግሥቲቱ የሮማን አቆጣጠር ይከተሉ ስለነበር፣ እርሱ ፋሲካን ሲፈስክ እርሷ ገና ሆሳዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ግን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በመኪና እንወጣለን። እናቴ «ለማን ተፈረደ?» እያለች ነው።

መልስ
ለንግሥቲቱ ወገን። የፈረደውም ንጉሡ ራሱ ነው።