ባሌ ያስላል፣ ኢስሊ ተዘግቷል፤ ምን ላድርግ?

የኢስሊዋ (ናይሮቢ)፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2012
ሰላም ወገኖቼ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ትናንት መንግሥት በኮሮና ምክንያት ሰፈራችንን ኢስሊን ለ15 ቀን ዘግቶታል። መግባትም መውጣትም የለም። የገበያ አዳራሾቹም ምግብ ቤቶቹም ተዘግተዋል። እኔ እንጀራ የምጋግረው ለአንድ ምግብ ቤት ስለነበር ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለኝም።
ባሌ ማሳል ከጀመረ አራት ቀኑ ነው። ማታ ማታ ያተኩሰዋል። የጤና ሰዎች ሰፈር ውስጥ እየመረመሩ ነው፣ እሱ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። «ከተገኘብኝ ኳራንቲን ያስገቡኛል፤ በቀን 2,000 ሺሊንግ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» ይለኛል። የ14 ቀኑ 28,000 መሆኑ ነው። የቤት ኪራዩን 11,000 እንኳ ገና አልከፈልንም። ኬርቴከሩ (ኪራይ የሚሰበስበው የሕንፃው ጠባቂ) ጠዋት ሁለቴ አንኳኩቶ ሄዷል። ባለፈው ወር ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን ኪራይ ስላለፈባት የበሯን መዝጊያ ነቅለው ወሰዱባት። አንሶላ ሰቅላ ነው ከሁለት ልጆቿ ጋር የምታድረው።
የስደተኛ ካርዱም ጊዜው አልፏል። ሊያሳድስ ሄዶ ቢሮው ዝግ ነው ተብሎ ተመልሷል። በዚህ ካርድ ሊመረመር ቢሄድ ይይዙታል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔም ኤርፖርቱ ጭር ካለ ወዲህ ታክሲዬን አቁሜ ነው ያለሁት። ቢሆንም የኤምፔሳ (የስልክ ገንዘብ መላኪያ) ቁጥርሽን በውስጥ ላኪልኝ። ብዙ አይደለም፣ ለኬርቴከሩ አፍ መያዣ ትሆናለች።

የድሮ ነዋሪ (ናይሮቢ፣ ሳውዝ ቢ)
ልጄ፣ እዚህ አገር 19 ዓመት ኖሬያለሁ። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።
የመጀመሪያው በሽተኛ እዚህ የተገኘው መጋቢት 4 ነው፣ ከአዲስ አበባው ጋር በአንድ ቀን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከውጭ የገባውን ሁሉ ሆቴልና ኮሌጅ ውስጥ አስገቡት፣ በራሱ ወጪ። 14 ቀን ጨርሶ «ሂሳብህን ካልከፈልክ አትወጣም» የተባለ አለ። አጠገቡ የተኛው ሰው ስለተገኘበት እንደገና ከአንድ መቁጠር የጀመረ አለ። ከዚያ ደግሞ ሰዓት እላፊ የጣሰውን እየያዙ እዚያው ያስገቡ ጀመር። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው። ኳራንቲን የሕክምና ቦታ መሆኑ ቀርቶ እስር ቤት ሆኖ ታየ። አጥር ዘለው ያመለጡም አሉ። አሁን መርማሪ ሲመጣ ሰው በሩን የሚዘጋው ለዚህ ነው፤ ባልሽ ብቻውን አይደለም።
ግን ይህን ንገሪው። የጤና ሚኒስትሩ ሙታሂ ካግዌ ትናንት ኢስሊ መዘጋቷን ሲናገሩ፣ በመንግሥት ኳራንቲን ለሚገባ ሰው ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል ብለዋል። ስትወጡ ማስክ እንዳትረሱ፤ ቅጣቱ እስከ 20,000 ሺሊንግ ይደርሳል።

ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)
እህቴ፣ ከገንዘቡም ከካርዱም በፊት አተነፋፈሱን እዪ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ሳታመነቺ ሐኪም ቤት ውሰጂው። መስኮት ክፈቺ። አንቺ ሌላ ቦታ ተኚ፣ አንድ ክፍል ከሆነ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል። ኩባያውን ለዪ።

ከጅዳ
ለምን በሞያሌ በኩል ወደ አገር አትገቡም? ቢያንስ ወገን መሃል ትሆናላችሁ። እኔ አባቴን ያጣሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። በረራ የለ፣ ምን የለ። ወንድሜ ስልኩን ግቢው ላይ አዙሮ አሳየኝ። ድንኳን የለም። ሰው ተራርቆ ቆሟል። እኔ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ፣ አሠሪዎቼ እንዳይሰሙኝ። ቤት ደግሞ ሁለት እህቶቼ የኔን እጅ ነው የሚያዩት። ደመወዜ ከተቋረጠ ወር አልፎታል። ይህን ግን ለማን ትነግሪዋለሽ?

የድሮ ነዋሪ
ነፍስ ይማር ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በሞያሌ ግን አይሞከርም። አገር ቤት የየብስ ድንበር ለሰው ከተዘጋ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ነው። ከናይሮቢ መውጣትም ከመጋቢት 28 ወዲህ ክልክል ነው።

ኢስሊ ያደገ (ቶሮንቶ)
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዋናውን አልተናገሩትም። ለምን ኢስሊ? የሀብታሞቹ ሰፈር ዌስትላንድስ ቢሆን ምግብ ቤቱን ሁሉ ዘግተው በፖሊስ ይከቡት ነበር? በ2006 መጋቢት መጨረሻ የፖሊስ አፈሳው ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። ሌሊት በር እየደበደቡ ሱማሌውንም ሐበሻውንም ጭነው ካሳራኒ ስታዲየም አጎሩት። ካርድ ያለውም የሌለውም ተያዘ። ያን ያየ ሰው ነጭ ጋዋን ለብሶ ለመጣ ሰው በሩን ይከፍታል? ባሏ የሚፈራው ሳሉን መሰላችሁ?

የድሮ ነዋሪ
የ2006ቱን እኔም አልረሳሁም፣ ወንድሜን ከዚያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄኛው ግን በሽታ ነው። የሞምባሳው ኦልድ ታውንም ትናንት አብሮ ተዘግቷል። ብዙ ሰው የተያዘበትን ሰፈር ለይቶ መዝጋት በየአገሩ ያለ ነገር ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ «ትተውን አለቅን» እንል ነበር።

ኢስሊ ያደገ
መዝጋቱን አይደለም የምለው። ሲዘጉ ዱቄት አብሮ ይምጣ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ የድሆቹ ሰፈር ኪቤራ ምግብ ሲታደል ሰው እርስ በርሱ የተረጋገጠው ጠግቦ ነው? የቀን ሠራተኛን 15 ቀን ቤት ቆልፈህበት ምን ይብላ ትላለህ? እርስዎ ሳውዝ ቢ ሆነው ሱቅ ወርደው ወተት ይገዛሉ።

የድሮ ነዋሪ
እኔን ልትሰድበኝ ከሆነ የመጣኸው ሌላ ነገር ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ሦስት ቤተሰብ የማበላው እኔ ነኝ።

ባለታክሲው
ወንድሞቼ፣ በእናታችሁ ተዉት። እህታችን እየጠበቀች ነው። ገንዘቡ ደረሰሽ?

የኢስሊዋ
ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኪራዩን ግማሽ ለኬርቴከሩ ላክሁለት፣ ለጊዜው ዝም ብሏል። ነርሷ እህቴ፣ እንዳልሽው አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ትንፋሹ ደህና ነው፣ ትኩሳቱ ግን አለ። ወጪውን መንግሥት ይችላል ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «በጽሑፍ አሳዪኝ» አለ። ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ ካለ ይላኩልኝ፣ በስልኬ ላሳየው።
አሁን ሱማሌዋ ጎረቤቴ አፍጥር ደርሶ ሳምቡሳና ቴምር በራችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። በሩን ሳትነካ «እንዴት ዋለ?» አለችኝ ከደረጃው።
የካርዱን ነገር ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ነገ 3 ሰዓት ላይ በእኛ መንገድ ይመረምራሉ ተብሏል።