ለሠርግ ስጦታ በቁም ጽሕፈት የሚዘጋጅ ገጽ፦ ባልና ሚስት ሥራውን እንዴት ይካፈሉት?

ጥያቄ (ከአዘዞ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ይሞሸራል። እኛም ዕቃ ገዝተን ከመስጠት ይልቅ በእጃችን የተጻፈ አንድ ገጽ ልናበረክትላቸው ተስማምተናል። «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል፣ የሙሽሮቹ ስምና የሠርጉ ቀን ይሰፍሩበታል። እኔ የእጅ ጽሕፈቴ ደህና ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሥዕል ትሞክራለች። የሁለታችንም እጅ እንዲያርፍበት ስለምንፈልግ ጽሑፉን እኩል ተካፍለን ብንጽፈው ያምራልን? በብራና ይሻላል ወይስ በወረቀት?

መልስ (ቁም ጽሕፈት የተማርኩ፣ ከጎንደር)

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ጽሑፉን ግን ለሁለት አትክፈሉት። በቁም ጽሕፈት፣ ማለትም በጥንቱ የብራና መጻሕፍት የእጅ አጻጻፍ፣ የፊደሉ ቋሚ እግር ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን ሆኖ የሚወጣው የመቃው ብዕር አፍ ጠፍጣፋ ተደርጎ ስለሚቀረጽና ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ አያያዝ ስለሚይዘው ነው። አያያዙ ጥቂት ዘንበል ካለ የ«ለ» እግሮች ይቀጥናሉ፣ የ«መ» ሆድም መልኩን ይለውጣል፤ ስለዚህ ሌላ እጅ የገባበት ቦታ ለማንም ተመልካች ወዲያው ይታያል።

ለባለቤትዎ የሚተርፍ ሥራ ግን ብዙ ነው። ኅዳጉን ለክታ፣ በገጹ ግራና ቀኝ በወስፌ ጫፍ ነጥብ ወግታ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘ ብረት መስመሩን ብታሰምር ገጹ ያለ እርሳስ ምልክት ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ሲጽፉም ቃሉን ከረቂቁ ላይ ቀስ ብላ ታንብብልዎ፤ ዓይን ከረቂቅ ወደ ገጽ ሲመላለስ ፊደል የሚዘለለው በዚህ መካከል ነውና። የእግዚአብሔር ስም በቀይ እንደሚጻፍ ያውቃሉ። በጥቁሩ ሲጽፉ ቦታውን ክፍት ትተው ያልፉና ቀዩን በመጨረሻ ራስዎ ይሞሉታል። በጥንቱ መጽሐፍ የባለቤቱም ስም በቀይ የሚጻፍበት ልማድ ስላለ የሙሽሮቹን ስም እንዲሁ ቢያደርጉት ያምርበታል።

ከጥቀርሻ የሚዘጋጀው ቀለም ተብላልቶ እስኪደርስ ወራት ስለሚፈልግ አሁን ቢጀምሩት ለጥር አይደርስም። ቀለም ከሚያዘጋጁ ጸሐፍት የደረሰውን ይጠይቁ። ብራናውንም እንዲሁ ከሚፍቁት እጅ ይግዙ፤ ለእንዲህ ያለ ቃል ከብራና የተሻለ ማረፊያ የለም ብዬ አምናለሁ።

መልስ (ሠዓሊ ነኝ)

ስለ ጽሑፉ አከፋፈል ከተባለው ጋር እስማማለሁ፤ በብራናው ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። ብራና ጠጉር በነበረበት ወገንና በሥጋው ወገን ቀለም የሚቀበለው አንድ ዓይነት አይደለም፤ የተሳሳተ ፊደል በምላጭ መፋቅ ቢቻልም ልምድ የሌለው እጅ ቆዳውን ያሻክረዋል፣ በሻከረው ላይ የተጻፈውም ይፈሳል። ለመጀመሪያ ሥራ ለውሃ ቀለም የሚሆነው ወፍራም ወረቀት በቂና የሚያኮራ ነው።

እኅቴ ሐረጉን፣ ማለትም እንደ ገመድ የተጠላለፈውን ባለ ቀለም ጌጥ፣ ከገጹ አናት ላይ ብታደርገው መልካም ነው። የገጹን መካከል በቀጭኑ አስምራ፣ የሐረጉን ግማሽ በስስ ወረቀት ላይ ነድፋ፣ ወረቀቱን አጥፋ ብትገለብጠው ሁለቱ ወገኖች ይተካከላሉ። ጠለፉ ሲሻገር አንድ ጊዜ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች መሆኑን በእርሳስ ሳለ ትከተለው፤ ቀለም ከገባ በኋላ የተሳተ መሻገሪያ አይታረምም። ቢጫውን፣ ቀዩንና አረንጓዴውን ሞልታ ስትጨርስ ጥቁሩን ዙሪያ መስመር ታውጣው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጽሑፉ ካለቀና ከደረቀ በኋላ ነው።

የጎንደርን መልክ ከፈለጋችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣራውን ሞልተው ወደ ታች የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች ተመልከቱ። ከእነዚያ አንዱን ብቻ በሐረጉ መካከል ማኖር ይበቃል፤ መላው ውበት በዓይኑ አቅጣጫ ላይ ስለሆነ ግን ዓይኑን በሌላ ወረቀት ደጋግማ ትለማመደው።

መልስ (ክፈፍ ሠሪ)

ወረቀትም ሆነ ብራና መስታወቱን አያስነኩት፤ በመካከል የካርቶን ጠርዝ ይግባ። ብራና በክረምት እርጥበት ስለሚረግብና ሲደርቅ ስለሚወጠር ሙሉ ጀርባውን በሙጫ መለጠፍ ያጣምመዋል፤ ከላይ በኩል ብቻ መያዝ ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅሉት ለሙሽሮቹ ይንገሯቸው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጽሑፉን እኔ፣ መስመሩንና ሐረጉን ባለቤቴ እንሠራለን፤ ወረቀቱንም መርጠናል። ቀኑን በግእዝ ቁጥር ብንጽፈው እንዴት ይሆናል?

መልስ (ቁም ጽሕፈት የተማርኩ፣ ከጎንደር)

ወረቀቱም ይሁን፤ ምርጫችሁን አከብራለሁ። ቀኑ «ጥር ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.» ይሆናል። በግእዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለ ሁለት ሺሕ «፳፻»፣ ማለትም ሃያ መቶ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ቁጥሩን በጥቁር ጽፈው ከላይና ከታች ያሉትን ሰረዞች በቀይ ቢያወጧቸው ከስሞቹ ጋር ይስማማሉ።